ግማሽ ቮልስ፦ የአንዲት ተጎታች ታሪክ ከነጥፋቷ

የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ይዘን ወጣን። ከተጎታቿ መጎተቻ ዘንግ ጫፍ ሥር አስቀመጥነው። ዘንጉ መኪናው ላይ ሲታሰር የሚኖረውን ከፍታ እንዲይዝ ሚዛኑ ላይ አጭር ግንድ አቆምን። ታናሽ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«3 ኪሎ» አለ።

«እስቲ እንደገና እየው።»

አየው። 3 ኪሎ። ተጎታቿ ከነጭነቷ 310 ኪሎ ትመዝናለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ መኪናችን ላይ የሚያርፈው የአንዲት ድመት ክብደት ያህል ነው። ስንጎትታት ለምን እንደምትወዛወዝ ሳናውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎማውን፣ ኩሽኔታውን፣ መንገዱን፣ ነፋሱን ስንወነጅል ከርመናል። መልሱ አንድ ደቂቃ በሚፈጅ ልኬት የሚገኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከአሮጌ መኪና ተጎታች ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ነው። መቁረጡና መበየዱ ዓይን ይስባል፤ ፎቶም ያምርበታል። እኛን ያስቸገረን ግን ብየዳው አይደለም። የእግሯ ቦታ ነው።

መኪናዋ

እ.ኤ.አ. የ1963 ቮልስዋገን ናት፤ ሁላችንም የምናውቃት ክብ ቮልስ። ቆማ ሳለች የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቷት ሞተሯ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ እንዲህ ያለው ግጭት ልቧን ነው የሚያገኘው። ከሞተሩ የባሰው ግን ሻንሲው ነበር። ቮልስ መሃሏን ሰንጥቆ የሚሄድ ዋሻ መሳይ አከርካሪ አላት። አከርካሪው ከኋላ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል፤ ካምቢዮው እዚያ መሃል ይቀመጣል። የእኛዋ ሹካ አንዱ ጣቱ ተጣሞ ነበር። የፊቱ ግማሽ ደግሞ ምንም አልነካውም። ኮፈኑ እንኳ በአንድ ጣት ግፊት ይዘጋል።

አንድ ወዳጄ «ቮልስ መቁረጥ ኃጢአት ነው» አለኝ። ገብቶኛል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ብዙ መሆናቸው ለመቁረጥ ሰበብ አይሆንም። እኔ የቆረጥኩት ሹካው ስለተጣመመ ነው። በሮቹን፣ መስታወቶቹን፣ ካምቢዮውንና ወንበሮቹን ሌላ ቮልስ ለሚያድሱ ሰዎች ሰጠን። እሷ ግማሽ ሆና ሌሎቹ ሙሉ ሆኑ።

የትኛው ግማሽ?

ምርጫው በግጭቱ የተወሰነ ይመስላል። ቢሆንም ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ልበለው። የኋላው ግማሽ ደህና ቢሆን ኖሮም አልመርጠውም ነበር። በዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙት ሁለት ቱቦዎች ካምቢዮው ላይ ነው የሚታሰሩት። ካምቢዮውን ካወጣህ ጎማዎቹ መያዣ ያጣሉ። ከተውከው ደግሞ የማይሠራ ብረት ከነዘይቱ እየጎተትክ ትዞራለህ።

የፊቱ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ሁለት አግድም ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ይተኛሉ። ጎማው ሲነሳ ቅጠሎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ከዚያ ይመልሱታል። ሞላው ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ዕቃ ሻንሲው ላይ የሚታሰረው በ4 ብሎን ብቻ ነው። ሾኩም እዚያው ላይ ቆሟል። 4 ብሎን ፈትተህ ሙሉ እግር ታገኛለህ።

ቆረጣው

ለጎረቤታችን እዚህ ላይ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በብየዳ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ግራይንደሩን ይዤ ስቆም አስቆሙኝ።

«ታንከሩስ?»

«ባዶ ነው ጋሼ፤ ቤንዚኑን ያወጣነው ከወር በፊት ነው።»

«ባዶውን ነው የምፈራው።»

ልክ ናቸው። የቮልስ ቤንዚን ታንከር ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። በቤንዚን የሞላ ታንከር አደገኛ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ግን ይብሳል። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አንድ የግራይንደር ብልጭታ ይጠብቃል። ታንከሩን ከነቧንቧው አውጥተን ከግቢው አራቅነው። ባትሪውም ወጣ፤ እሱ የኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው።

ሁለተኛው ምክራቸው ከመቁረጣችን በፊት መደገፍ ነበር። የቮልስ ቦዲ ጥንካሬውን የሚያገኘው በበሮቹ ሥር ከሚያልፉት የማሞቂያ አየር ቦዮች ጭምር ነው። እነሱን ስትቆርጥ ላሜራው እንደ ካርቶን ይላላል። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶ ሁለት ቱቦላሬ በየድን፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በሩ ከሚታጠፍበት ምሰሶ ትንሽ አለፍ ብለን ቆረጥን። ስንጨርስ ኮፈኑን ዘጋሁት። አሁንም በአንድ ጣት።

ጎማዎቹ መሪ እንዳይኖራቸው ማሰር ያስፈልጋል፤ የፊት እግር ነውና ይዞራል። የመሪውን ሳጥን አውጥተን የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች በአንድ ብረት ላይ በብሎን አሰርናቸው። እዚህ ላይ ሰነፍን። ብረቱን ቱቦው ላይ በየድነው ማጠንከር ሲገባን በመያዣ ብቻ አጠበቅነው። ውጤቱን ቆየት ብለን አየነው፤ የቀኙ ጎማ በውስጥ በኩል ተላጭቶ ነበር። ብሎኑ ትንሽ ላልቶ ጎማው ወደ ጎን እያየ ሲሄድ ከርሟል።

የፍሬን ጫማዎቹን አወጣናቸው። በብዙ አገር ከ750 ኪሎ በታች የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ባይኖረውም ይፈቀድለታል። ሕጉ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመቁረጣችን በፊት ሄደን ጠይቀናል። ተቆርጦ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያዋ ተጎታች

የመጀመሪያው አሠራራችን ቀላል ነበር። የቮልሷ አፍንጫ ወደ ፊት፣ ወደሚጎትታት መኪና ያያል። ዘንጉን ከሻንሲው ጭንቅላት ሥር በየድነው። ከመንኮራኩሩ መሃል እስከ መንጠቆው 210 ሴንቲሜትር ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የኮምፖርሳቶ ሳጥን ሠርተን ዋናውን ዕቃ እዚያ ለመጫን አሰብን። ኮፈኑ ሥር ድንኳንና ገመድ ይገባል። ባዶዋን 190 ኪሎ መዘነች።

ጋሼ ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት። ዘንጉ የተበየደበትን ቦታ በመዶሻ መታ መታ አደረጉት።

«ብየዳው ደህና ነው» አሉ። «ሥሩ ያለው ላሜራ ነው የሚያሳዝነኝ።» ከዚያ ዝም አሉ። ያኔ ይበልጥ መጠየቅ ነበረብኝ።

ማማሯን ልክድ አልችልም። ከፊት ሆነህ ስታያት አንዲት ቮልስ ሌላ መኪና ልትሳፈር የምትከተል ትመስላለች። ሕፃናት ይጠቁሙባት ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ መንዳት ጀመርኩ።

ጭነን በወጣንበት የመጀመሪያ ቀን እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጸጥ ብላ ሄደች። 70 ላይ ጭራዋ ትንሽ ወዝወዝ አለ። ወንድሜ «ነፋስ ነው» አለ። ቁልቁለት ላይ 80 ደረስን። አንድ ትልቅ አውቶቡስ አለፈን፤ የገፋው አየር ተጎታቿን ጎነተላት። ከዚያ ውዝዋዜው አልቆም አለ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይሰፋል። የመኪናችን የኋላ ክፍል አብሮ መዞር ጀመረ።

«ፍሬን ያዝ! ፍሬን!» አለ ወንድሜ።

አልያዝኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ደንግጬ እግሬ ስለደነዘዘ ነው። ጥሩ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍሬን በኃይል ከተያዘ ተጎታቹ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። መሪውን በተቃራኒ ማዞርም ውዝዋዜውን ይመግበዋል። እግርን ከነዳጁ አንስቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ መጠበቅ ነው ያለው። 60 አካባቢ ስንደርስ ተረጋጋች። ዳር ይዘን ቆምን። ለረጅም ጊዜ አንዳችንም አልተናገርንም።

የተሳሳቱ ጥርጣሬዎች

መጀመሪያ ጎማውን ጠረጠርን። አየሩን አስተካከልን፤ ለውጥ የለም። ያ የተላጨው ጎማ የተገኘው ያኔ ነው። በደስታ ዘለልን፤ ጥፋቱን አገኘነው ብለን። መሪውን የሚያስረውን ብረት በየድነው፣ ጎማ ቀየርን፣ ወጣን። ውዝዋዜው 70 ላይ ተመለሰ።

ከዚያ ኩሽኔታውን ከፈትን። እዚህ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ የሚሠራው ከፊት በግራ ጎማ ነው። ከመቁጠሪያው የሚመጣው ገመድ በግራው ጎማ መሃል አልፎ ከኩሽኔታው ክዳን ጋር ይያያዛል፤ ጎማው ሲዞር ገመዱን ያዞረዋል። ገመዱን ስናወጣ ክዳኑ ላይ የቀረውን ትንሽ ቀዳዳ አላየነውም። በዚያ ውሃና አቧራ ገብቶ ግሪሱን ቡና አስመስሎታል። ኩሽኔታውን ቀየርን፣ ቀዳዳውን ደፈንን። በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሰው ካለ ይህቺን ቀዳዳ እንዳይረሳ።

ውዝዋዜው ግን አሁንም አለ።

በመጨረሻ ሚዛኑን ያነሱት ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ አፍንጫዋ መንጠቆው ላይ ስንት ይመዝናል?» አሉኝ። አላውቅም። ሠርቼ የጨረስኳት ተጎታች አፍንጫዋ ስንት እንደሚመዝን አላውቅም!

ሂሳቡ

ተጎታች በመንኮራኩሩ ላይ እንደሚወዛወዝ ሚዛን ነው። ከመንኮራኩሩ ፊት ያለው ክብደት መንጠቆውን ወደ ታች ይጫናል። ከኋላ ያለው ደግሞ ያነሳዋል። መንጠቆው ላይ በቂ ጫና ከሌለ፣ በተለይ ክብደቱ ከመንኮራኩሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ተጎታቹ የጎን ግፊት ሲያገኝ ራሱን መልሶ ማረጋጋት ያቅተዋል። ዝግ ሲሉ ውዝዋዜው በራሱ ይሞታል። ከአንድ ፍጥነት በላይ ግን እያደገ ይሄዳል። የእኛዋ ድንበር 70 አካባቢ ነበር ማለት ነው።

በአውሮፓ ለትናንሽ ተጎታቾች የተለመደው ምክር ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህሉ መንጠቆው ላይ ይረፍ የሚል ነው። በአሜሪካ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይላሉ። የእኛ 3 ኪሎ ከ310 ኪሎ 1 በመቶ ናት።

ባዶዋን ስንመዝናት መንጠቆው ላይ 17 ኪሎ ነበር፤ መጥፎ አይደለም። ታዲያ 14ቱ ኪሎ የት ገባ? የጫንነው 120 ኪሎ ነው። የዕቃው መሃል ከመንኮራኩሩ 25 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። 120 በ25 ሲባዛ 3,000፤ ለ210 ሲካፈል 14 ኪሎና ትንሽ። ይኸው ሄደ።

ጥፋቱ የአጫጫን ብቻ ቢሆን ዕቃውን ወደ ፊት ገፍተን እናርፍ ነበር። አልተቻለም። የቮልስ የፊት ጎማ የሚቀመጠው ከዳሽቦርዱ ፊት ነው። ከፊቱ የቀረው ቦታ አፍንጫዋ ብቻ ነው። ሰፊው ቦታ ሁሉ ከመንኮራኩሩ ኋላ ነው ያለው። በመኪናነቷ ይህ ትክክል ነው፤ ሌላ ጥንድ ጎማ ከኋላ አላት። በተጎታችነቷ ግን ገና ከአወቃቀሯ ጭራ ከባድ ናት። የፊት ግማሽ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጎ የሚሠራ ሁሉ ይህ ይገጥመዋል።

ማዞር

መፍትሔው አሳፋሪ በሆነ መልኩ ቀላል ነው፤ ማዞር። አፍንጫዋ ወደ ኋላ ይይ። ሰፊው ሳጥን ከመንኮራኩሩ ፊት ይውጣ። ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፈ። እሱ የሚወደው ያቺ ተከትላ የምትመጣ ፊቷን ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። እግሯ አቅጣጫ አለው፤ ጎማዎቹ ከቱቦዎቹ ኋላ እንዲከተሉ ነው የተሠሩት። ቦዲውን ብናዞርም እግሩ በፊተኛው አቅጣጫ እንዲቀር ፈለግን። ስለዚህ የሻንሲውን ጭንቅላት ቆርጠን አወጣንና ከቱቦላሬ ሙሉ ፍሬም ሠራን። እግሩ ፍሬሙ ላይ ታሰረ፤ ቦዲው ከላይ ተቀመጠ። ጋሼ ያዘኑለት ላሜራ ከዚህ በኋላ ምንም አይሸከምም። ዘንጉን አስረዝመን ከመንኮራኩሩ እስከ መንጠቆው 260 ሴንቲሜትር አደረስነው። ረጅም ዘንግ ያረጋጋል፤ ወደ ኋላ ስትነዳም እንደ አጭሩ ድንገት አይታጠፍም። ሳጥኑን ደግሞ 30 ሴንቲሜትር አሳጠርነው። ካለበለዚያ መንጠቆውን ከሚገባው በላይ ልናከብደው ነው።

አሁን ባዶዋን 205 ኪሎ ናት፤ መንጠቆው ላይ 16። ያንኑ 120 ኪሎ ስንጭን መንጠቆው 23 ኪሎ አነበበ። 7 በመቶ።

ወደ ኋላ የሚያይ ፊት

መዞሩ ያልጠበቅነው ጣጣ አመጣ። የቮልሷ ሁለት የፊት መብራቶች አሁን ከኋላችን የሚመጣውን ሾፌር ያፈጡበታል። ነጭ መብራት ወደ ኋላ ማብራት ደግሞ በአብዛኛው አገር ክልክል ነው፤ ወደ ኋላ ቀይ፣ ወደ ፊት ነጭ። የመብራቶቹን ውስጥ አውጥተን በቦታቸው ቀይ የጭራና የፍሬን መብራት ገጠምን። ፍሬቻዎቹ ከአፍንጫዋ በላይ፣ ጭቃ መከላከያዎቹ ላይ እንደነበሩ ቀሩ። ከሥራቸው ተጎታች መሆኗን የሚናገሩት ሁለት ቀይ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎች ተጨመሩ። ማታ ስትታይ ዓይኗ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትመስላለች።

መጀመሪያ ስናበራ የፍሬቻ አምፖሎቹ ለቅጽበት ደምቀው ተቃጠሉ። የ1963 ቮልስ የምትሠራው በ6 ቮልት ነው፤ የዛሬ መኪና 12 ነው የሚሰጠው። ሁሉንም አምፖል ቀየርን። ከዚያ ደግሞ ፍሬቻ ስናበራ የጭራ መብራቱም አብሮ ይርገበገብ ጀመር። ይህ የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው። የተጎታቿን መብራት ከመኪናው ጋር በሚያገናኘው ባለ 7 እግር መሰኪያ 3ኛው እግር፣ ነጩ ሽቦ፣ መሬት ነው። እኛ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አስረነው ነበር። ቀለሙን ፍቀን መልሰን ስናስረው ተስተካከለ።

አሁን ያለችበት

በተመሳሳይ ጭነት መጀመሪያ 60፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 80 ነዳናት። አውቶቡስም አለፈን። ወንድሜ የበሩን እጀታ ይዞ ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። ጎነተላት፣ አንዴ ወዝወዝ አለች፣ ቆመች።

ያልተፈታም አለ። ባዶዋን ስትሄድ ሸካራ መንገድ ላይ ትዘላለች። ያ ሞላ የሙሉ ቮልስ ፊት ሊሸከም የተሠራ ነው፤ ባዶ ተጎታች ለእሱ ምኑም አይደለም። ከቱቦዎቹ ውስጥ ጥቂት የብረት ቅጠሎችን መቀነስ ይቻላል፤ ቮልስን አቅልለው ለአሸዋ የሚሠሩ ሰዎች ያደርጉታል። ጋሼ ይቀነስ ይላሉ። እኔ ሙሉ ጭነት ስንጭን እንዳንቆጭ ፈራሁ። ለጊዜው የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሰን፣ ባዶዋን ስንወጣ ደግሞ ቀስ ብለን እንነዳለን።

ሚዛኑም ወደ መታጠቢያ ቤት አልተመለሰም። ኮፈኑ ሥር፣ ድሮ ትርፍ ጎማዋ ይቀመጥ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ከአጭሩ ግንድ ጋር ይጓዛል።